ውሻ «ው ው» ይበል ወይስ «ሃው ሃው»? የእንስሳትን ድምፅ በአማርኛ ስለ መጻፍ

የአዘዞዋ መምህርት፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ጎንደር ከተማ ላሉ መዋዕለ ሕፃናት የሚሆን ባለ 16 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነው። በየገጹ አንድ እንስሳ ይኖራል፤ ከሥዕሉ ሥር ድምፁ ይጻፋል። ረቂቁ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ስለሆነ ውሻው «ዉፍ ዉፍ»፣ አሳማው «ኦይንክ»፣ እንቁራሪቷ «ሪቢት»፣ አውራ ዶሮው «ኮካ ዱድል ዱ» ይላሉ። የአራት ዓመት ልጅ በየማለዳው በግቢው የሚሰማውን ዶሮ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ሊያገናኘው አይችልም። ሁሉንም በአማርኛ መተካት እንፈልጋለን፤ ስንገባበት ግን እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም።

የቸገሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው። ለውሻ ግማሹ መምህር «ው ው»፣ ግማሹ «ሃው ሃው» ይላል፤ የትኛው ይያዝ? ረዘም ያለውን ድምፅ፣ የንብን፣ የበግን፣ የጅብን፣ በፊደል እንዴት እናርዝመው? «አህያ ያናፋል» ማለት ይበቃል ወይስ የግድ ድምፁም ይጻፍ? በመጨረሻም ወላጆች «እንስሳው አንድ ሆኖ ሳለ ድምፁ በየቋንቋው ለምን ይለያያል?» ሲሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚመለስ ነገር ብናገኝ በመጨረሻው ገጽ እናትመዋለን። የምታውቁ እባካችሁ እርዱን።

ቀሃ ማዶ፦

መምህርት፣ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ የቀሩት ይቀልላሉ።

«ው ው» የአማርኛ ቃል ነው። ውሻው ራሱ ከአፉ የሚያወጣው ድምፅ ፊደል የለውም፤ እኛ ነን አፋችን የለመዳቸውን ድምፆች እያለበስን ቃል የምናደርገው። አፍ የለመደው ድምፅ ደግሞ ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። ጃፓኖች ውሻን «ዋን ዋን» ያሰኙታል። በ«ን» የዘጉት የጃፓንኛ ቃል በተነባቢ ካለቀ ያ ተነባቢ «ን» ብቻ ስለሆነ ነው፤ «ዋፍ» ብሎ መዝጋት ቋንቋው አይፈቅድላቸውም። ቻይኖች «ዋንግ ዋንግ»፣ ኮሪያዎች «ሞንግ ሞንግ»፣ ሩሲያዎች «ጋቭ ጋቭ»፣ ቱርኮች «ሃቭ ሃቭ»፣ ስፔኖች «ጓው ጓው»፣ ጣሊያኖች «ባው ባው»፣ ኢንዶኔዢያዎች «ጉክ ጉክ» ይላሉ። ጮክ ብላችሁ ደጋግማችሁ በሏቸው፤ በሁሉም ውስጥ አንድ ነገር ይሰማል፦ አጭር ነው፣ ድንገት ይጀምራል፣ ድንገት ይቆማል፣ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ይህን ጠባይ ማንም አልሳተውም፤ የተለያዩት በማልበሻው ነው።

ሌላው ምክንያት የትኛው እንስሳ ተሰማ የሚለው ነው። «ሪቢት» የእንቁራሪት ሁሉ ድምፅ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖር የአንድ ዝርያ ድምፅ ነው፤ የሆሊውድ ፊልሞች እዚያው አካባቢ እየቀረጹ ለዓለም ስላሰሙት እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁሉ እንቁራሪት «ሪቢት» የምትል መሰለው። ሩሲያዎች «ክቫ ክቫ»፣ ጃፓኖች «ኬሮ ኬሮ»፣ ቱርኮች «ቭራክ ቭራክ» የሚሉት የየራሳቸውን ኩሬ ሰምተው ነው። ስለዚህ «ሪቢት»ን ወደ አማርኛ ማስገባት የሌላ አገር እንቁራሪት ማስገባት ነው። የእኛን መጻፍ ከተፈለገ «ቋ ቋ» ወይም «ቋቅ ቋቅ» ከጆሮም ከአፍም ይስማማል።

ደግሞ እንስሳው ከሰዉ ጋር ይኖራል ወይ? አሳማ ለእንግሊዝ «ኦይንክ»፣ ለፈረንሳይ «ግሯን»፣ ለጃፓን «ቡ ቡ»፣ ለኮሪያ «ኩል ኩል»፣ ለሩሲያ «ህሩ ህሩ» ይላል፤ ሁሉም በየጓሮው ያረባዋል። በእኛ ዘንድ የግቢ እንስሳ ስላልሆነ በልጆች አፍ የተለመደ ድምፅ የለውም። ባዶውን ለመሙላት አዲስ ቃል አትፍጠሩ፤ ገጹን ለአህያ ስጡት።

የማነሣው የመጨረሻው ነገር ለልጆቹ ባይሆንም ለመምህራን የሚጠቅም ነው፤ ድምፅን የሚቀዳ ቃል እንደማንኛውም ቃል ያረጃል። ከ2400 ዓመት በፊት የነበረው የአቴና ኮሜዲ ጸሐፊ ክራቲኖስ የበግን ድምፅ ቤታና ኤታ በሚባሉት ሁለት ፊደላት ጽፎታል። በዛሬው ግሪክኛ እነዚያው ፊደላት ሲነበቡ «ቪ ቪ» ይሆናሉ፤ «ቪ» የሚል በግ ግን የለም። ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ቤታ ያኔ «ብ»፣ ኤታም ረዥም «ኤ» መሰል ድምፅ እንደነበሩ ያስረዳሉ፤ በጓ ምስክር ሆና ቀረበች ማለት ነው። እንደዚሁ በላቲን ጫጩት ስትጮህ «ፒፒዮ» ትባል ነበር፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ አፍ ሲንከባለል «ፒዦን» ሆነ፣ ትርጉሙም ርግብ። ዛሬ «ፒዦን» ሲባል ጫጩት የሚሰማው ሰው የለም። የስዊዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ይህንኑ ምሳሌ ጠቅሶ፣ እንስሳን የሚቀዱ ቃላት እንኳ በተናጋሪዎቹ ስምምነት የሚቆሙ መሆናቸውን አስተምሯል።

ለወላጆች ገጽ ይህ ይበቃል፦ «እንስሳት በየአገሩ የሚያሰሙት ድምፅ ብዙ አይለያይም፤ ሰዎች ግን በየቋንቋቸው ባሉ ድምፆች ስለሚቀዱት ቃሉ ይለያያል። ልጅዎ በአማርኛ ውሻን ው ው፣ በእንግሊዝኛ ዉፍ ቢል ሁለቱም ልክ ነው።»

አሁን ወደ አማርኛው። እንስሳ ለመቅዳት የታደለ ቋንቋ ነው። አንደኛ፣ ዲቃላ ፊደላት አሉን፦ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቧ። ሁለተኛ፣ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱት ጥ፣ ጭ፣ ቅ አሉን፤ ጃፓንኛም እንግሊዝኛም እነዚህ በፊደል ደረጃ የሏቸውም። የጫጩት «ጭው ጭው» ያለ «ጭ» አይወጣም። እንዲያውም ከስማቸው ድምፃቸው የሚሰማ እንስሳት አሉን፦ ጫጩት፣ ጉጉት፣ ቁራ። የግዕዙ «ቋዕ» ደግሞ ከነመጨረሻዋ ዓይን ጭምር ቁራው ራሱ ሲጮህ የሚሰማ ይመስላል።

«እምቧ»ን ተመልከቱት። ላም ስትጮህ አፏን ገጥማ በአፍንጫዋ ትጀምራለች፣ ከዚያ ትከፍተዋለች። «እም» ላይ ከንፈር ይገጥማል፤ «ቧ» ላይ ከንፈር ሞጥሙጦ ይከፈታል። እንግሊዝኛው «ሙ» እና ጃፓንኛው «ሞ» የያዙት መጀመሪያውን ነው፣ የሆላንዱ «ቡ» ፍንዳታውን ነው፤ ኮሪያዎች «ኧምሜ» ብለው ወደ እኛ ቀርበዋል። «ሚያው»ም እንዲሁ ነው፤ የድመት አፍ ተዘግቶ ይነሣል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል፤ ም፣ ያ፣ ው። ጃፓኖች «ኛ» ብለው መዝጊያውን ትተውታል። የጥንት ግብፃውያን ድመትን «ሚው» ብለው ከድምፁ ስም አውጥተውላታል፣ ቻይኖችም «ማኦ» ይሏታል።

አውራ ዶሮ «ኩኩሉ» ነው፤ ይህ ላይ ክርክር አይኖርም። ፈረንሳይ «ኮኮሪኮ»፣ ጀርመን «ኪከሪኪ»፣ ሩሲያ «ኩካሬኩ»፣ ስዊድን «ኩከሊኩ» ይላሉ፤ «ክ» የበዛው ዶሮው በአጫጭር ቁርጥ ድምፆች ስለሚነሣ ነው። (ቱርኮች «ኡ ኡሩ ኡ» ብለው ያለ «ክ» አድርገውታል፤ የመጨረሻውን ርዝመት መርጠው ይመስለኛል።) እኛ ዘንድ «ኩኩሉ» የድብብቆሽ ጨዋታም ነው፦ አንዱ «ኩኩሉ!» ሲል የተደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ፤ ሲዘጋጁ «ነጋ!» ይላሉ። ልጆቹ ቃሉን ከመጽሐፉ በፊት ያውቁታል፤ ገጹ ላይ «ነጋ!» የሚል አንድ ቃል ብትጨምሩ ክፍሉ በሙሉ ይመልስላችኋል።

«ው ው» ወይስ «ሃው ሃው»? ሁለቱም የአማርኛ ናቸው። ለዚህ መጽሐፍ «ው ው»ን ያዙ፤ «ውሻ» በ«ው» ስለሚጀምር ልጁ ስሙንና ድምፁን በአንድ ፊደል ይማራል።

ፊደል ለቃሚ፦

ቀሃ ማዶ ስለ ድምፁ ብለዋል፤ እኔ ስለ አጻጻፉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው።

ዋናው ችግር ሳድስ ነው። «ዝዝዝ» ብላችሁ ብትጽፉ አንዱ መምህር ሦስት ቦታ ቆራርጦ፣ ሌላው አንድ ረዥም «ዝ» አድርጎ ያነበዋል። ከፊቱ «እ» አስገቡ፤ «እዝዝዝ» ሲሆን አንባቢው በ«እ» ይነሣና በ«ዝ» ላይ ይቆያል። «እምቧ» በ«እ» የጀመረችው በከንቱ አይደለም። ተነባቢ ሲደራረብ ለአማርኛ አፍ መነሻ አናባቢ ያስፈልገዋል።

አናባቢ ሲረዝም ፊደሉን አትድገሙ፤ «ባባባ» ሦስት ጊዜ የጮኸ በግ ነው። አንድ ረዥም ጩኸት ከሆነ «ባኣኣ»። እዚህ ላይ «ባአአ» ብሎ የሚጽፍም አለ፤ አዋቂ አንድ አድርጎ ያነበዋል፣ ፊደል እየቆጠረ ያለ ልጅ ግን «አ» ግዕዝ፣ «ኣ» ራብዕ መሆኑን ገና ሊማር ነው። ራብዑን ከ«ባ» ጋር ስታጣምሩ ቤቱ ይገጥማል። እንደዚሁ ካዕቡን «ዉ» እና ሳድሱን «ው» አታደባልቁ። ብዙ ሰው ሲተይብ ልዩነቱን አያየውም፤ «ዉሻ» እና «ው ው» በአንድ ገጽ ላይ ከታተሙ ግን ለመጀመሪያ አንባቢ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በመላው መጽሐፍ «ው» ብቻ ይሁን። የ«ሃው»ም «ሃ» ከተጠቀማችሁ ራብዑን ያዙ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያላችሁ አትቀያይሩ።

ክፍተትም ትርጉም አለው። «ው ው» ሁለት ጩኸት ነው፣ «ውውው» አንድ ረዥም ነው፤ የሚያላዝን ውሻ ወይም ጅብ ይሆናል። ድግግሞሹ ከሦስት ፊደል አይለፍ። አምስትና ስድስት ሲሆን ልጁ መቁጠር ይጀምራል እንጂ አያነብም፤ በትልቅ ፊደል ሲታተም ደግሞ ከመስመር ያልፍና ተሰብሮ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። ድምፁን ብቻውን በአንድ መስመር አስቀምጡት፣ ከ36 ነጥብ ባላነሰ ፊደል።

ማጥበቅና ማላላት ሌላ ነው። ፊደላችን አያሳየውም። በፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች የማጥበቂያ ምልክት ሆነው በዩኒኮድ ተመዝግበዋል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ፎንት ነጥቦቹ ከፊደሉ ፈቀቅ ብለው ይወድቃሉ፣ መምህራንም ብዙዎቹ አልለመዷቸውም። ለልጆች መጽሐፍ አልመክርም። ፊደሉን መድገም ይሻላል።

ስለ ገጹ አንድ ነገር ልጨምር፤ 16 ገጽ በ4 ስለሚካፈል በሽቦ ለመስፋት ተስማሚ ነው። የፊት ሽፋን፣ ውስጡ፣ የወላጆች ገጽና የኋላ ሽፋን አራት ይወስዳሉ። የሚቀራችሁ 12 እንስሳ ነው፤ ከዚያ በላይ አትመኙ።

የአዘዞዋ መምህርት፦

እግዜር ይስጥልኝ ለሁለታችሁም። አሳማና እንቁራሪት ወጥተዋል። 12ቱ እነዚህ ሆነዋል፦ ውሻ፣ ድመት፣ ላም፣ በግ፣ አህያ፣ ፈረስ፣ አውራ ዶሮ፣ ጫጩት፣ ንብ፣ ቁራ፣ ጅብ፣ ጭላዳ። ጭላዳን የጨመርነው ሰሜን ተራራ ለልጆቹ ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን ድምፁን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረን አልቻለም። አህያና ጅብም አከራክረውናል። የግስ ጥያቄውም አልተመለሰም።

የደባርቅ መንገድ፦

መምህርት፣ እነዚህን አንድ በአንድ ልንገርዎት።

አህያ ልዩ የሆነው አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም ስለሚጮህ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ትንፋሽ ሲገባ፣ ወፍራሙ ሲወጣ ነው። ጀርመኖችና ስፔኖች «ኢ ኣ»፣ እንግሊዞች «ሂ ሆ»፣ ፈረንሳዮች «ሂ ሃን» የሚሉት ይህንኑ መፈራረቅ ይዘው ነው። በአማርኛ «ኢሃ ኢሃ» ብትጽፉ «ኢ» ትንፋሽ ስቦ፣ «ሃ» ትንፋሽ አውጥቶ ይነበባል፤ መምህሩ በእውነት እየሳበና እያወጣ ካነበበው ክፍሉ ያለ ሥዕል ያውቀዋል። «አናፋ» የሚለው ግስም ለጆሮ ከ«ነፋ» እና ከ«ወናፍ» ጋር የሚቀራረብ ነው፤ የአንጥረኛ ወናፍም እየሳበና እየተነፈሰ ነው የሚሠራው።

ጅብ ላይ ከውጭ የመጣ ስሕተት አለ። በፈረንጅ የልጆች መጽሐፍ ጅብ ይስቃል፤ «ሂ ሂ ሂ» ተብሎ ይጻፋል። ያ ድምፅ አለ፤ ግን ጅቡ በሌላ ጅብ ሲባረር ወይም በምግብ ላይ ሲጣላ የሚያሰማው ነው። ማታ ማታ ከአንገረብ በኩል የሚሰማው ሌላ ነው፤ ከወፍራም ተነሥቶ ወደ ቀጭን የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም፣ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት የሚሰማ ጥሪ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ይህን ነው። «አውውው» ይበቃል፣ ከፊደሉ በላይ ከታች ወደ ላይ የምትወጣ ቀስት ጨምሩበት። ቀስቷ ከሌለች መምህሩ ድምፁን ወደ ታች ጥሎ ውሻ ያደርገዋል።

ቁራ «ቋ ቋ»፣ ጎርነን ተደርጎ። የደጋው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ድምፁ ሻካራ ስለሆነ «ቋቅ» ብሎ በ«ቅ» መዝጋትም ያስኬዳል።

ጭላዳ ከሁሉ ከባድ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር የትም ስለማይኖር ከሌላ ቋንቋ የምትዋሱት ቃል የለም፤ የመጀመሪያውን ቃል የምትጽፉት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ የለውም። መንጋው ሣር እየነጨ ሳለ በዝቅተኛ ድምፅ ያጉረመርማል፤ ሲጣላ ይጮኻል፤ ወንዱ ደግሞ ወደ ሴቶቹ ሲቀርብ ከንፈሩን እያማታ የሚያወጣው የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አለው። ይህን የመጨረሻውን ቶር በርግማን የሚባለው ተመራማሪ አጥንቶት እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትሟል፤ ከንፈሩ በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ይመታል፣ ይህም ሰው ሲናገር አፉ ከሚከፈትበትና ከሚዘጋበት ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጭላዳ ብዙ ድምፆችን ሲያከታትል እያንዳንዱ ድምፅ እንደሚያጥር አሳይቷል፤ በሰው ቋንቋም ረዥም ቃል ውስጥ ያሉ ክፍሎች ያጥራሉ።

ለልጆች ግን ሣር ሲነጭ የሚያሰማውን ውሰዱ፤ «እህ እህ እህ»፣ አፍ ሳይከፈት በደረት። ሰሜን ተራራ የሄደ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማው ይህን ነው። «ዋሁ» የሚል ነገር ረቂቁ ላይ ካለ አውጡት፤ እሱ የቆላው ዝንጀሮ ነው።

የበአታ ጎረቤት፦

ቀስቱን በተመለከተ አንድ ሐሳብ ልስጥ። እኛ ጎንደሮች ከፊደል በላይ ምልክት ማድረግን ከሌላ ቦታ መማር አያስፈልገንም፤ የዜማ ምልክቶቻችን፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ይዘት፣ ርክርክና ሌሎቹ፣ ፊደሉን ሳይነኩ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ለዘመናት ሲያሳዩ ኖረዋል። የበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (በከበሮና በመቋሚያ የሚቀርብ የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ምስክር ቤት የሆነባት ከተማ ይህን ብታውቅ አይደንቅም። ነገር ግን ምልክቶቹ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ናቸውና ለአህያና ለጅብ አትጠቀሙባቸው፤ ቅር የሚለው ወላጅ ይኖራል፣ ትክክልም ነው። መንገዱን ብቻ ውሰዱ፦ ሦስት ቀላል ምልክት ይበቃል። የሚወጣ ቀስት፣ የሚወርድ ቀስት፣ ለሚንቀጠቀጠው (በግና ፈረስ) ሞገድ መስመር። በመጀመሪያው ገጽ አንድ ጊዜ አስረዱና በመላው መጽሐፍ አትለውጧቸው።

ቀሃ ማዶ፦

ስለ ግሱ ረስቼው ነበር፤ ይቅርታ። አማርኛ ለእንስሳ ጩኸት ሁለት ነገር አለው፤ ግሱና ድምፁ። ሁለቱም በገጹ ላይ ይኑሩ፤ ድምፁ በትልቁ፣ ግሱ ከሥሩ በትንሹ። ምክንያቱም ግሱ ከሰው አፍ እየጠፋ ነው፤ የከተማ ልጅ «አህያ ጮኸ» ይላል፣ «አናፋ» አይልም።

አህያ ያናፋል፣ ፈረስ ያሽካካል፣ ኮርማ ያጓራል፣ አንበሳ ያገሳል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሲከፋው ያላዝናል፣ ሲቆጣ ያጉረመርማል፤ እንቁላል የጣለች ዶሮ ታስካካለች፣ እባብ ያፏጫል። የራሱ ግስ የሌለው እንስሳ ላይ ድምፁን ከ«አለ» ጋር አጋቡት፦ ላም እምቧ አለች፣ ድመት ሚያው አለች። የምትሳሳቱባቸውን ልንገራችሁ። «አሽካካ» እና «አስካካ» ይምታታሉ፤ በአንዳንዱ አፍ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ለመጽሐፉ ፈረሱን በ«ሽ»፣ ዶሮዋን በ«ስ» ለዩአቸው። «ተንጫጫ» ብቻውን ለሆነ ጫጩት አይሆንም፤ መንጫጫት የብዙ ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ ጫጩት ብቻ ካለ ወይ ሌሎች ይሣሉ ወይ «ጭው ጭው አለ» ይባል። «አገሳ» ሰው በልቶ ሲጠግብም ስለሚባል ልጆች ይስቃሉ፤ አንበሳ በዝርዝራችሁ ባይኖርም ለሚቀጥለው መጽሐፍ ይታሰብበት።

ሌላም ስሕተት አለ፣ በብዙ የልጆች መጽሐፍ ይታያል፦ እንስሳው የሚለውንና ሰው ለእንስሳው የሚለውን ማደባለቅ። «እሽ» ዶሮ የምትባረርበት ነው፣ «ውሮ» ድመት የምትጠራበት ነው። ከሥዕሉ ሥር «ውሮ ውሮ» ከተጻፈ ድመቷ ራሷን የምትጠራ ትሆናለች።

የአዘዞዋ መምህርት፦

ይህ ሁሉ ገብቶልናል። የተስተካከለው እነሆ፤ እባካችሁ እዩልን።

ውሻ፦ ው ው! ይጮኻል። ድመት፦ ሚያው። ላም፦ እምቧ። በግ፦ ባኣኣ (ሞገድ)። አህያ፦ ኢሃ ኢሃ፣ ያናፋል። ፈረስ፦ እህህህ (ሞገድ)፣ ያስካካል። አውራ ዶሮ፦ ኩኩሉ! ነጋ! ጫጩቶች፦ ጭው ጭው፣ ይንጫጫሉ። ንብ፦ እዝዝዝ። ቁራ፦ ቋ ቋ። ጅብ፦ አውውው (የሚወርድ ቀስት)። ጭላዳ፦ እህ እህ እህ።

ከመታተሙ በፊት መፈተኛ መንገድ ካለም ንገሩን።

ፊደል ለቃሚ፦

መፈተኛው ቀላል ነው። ድምፁ የተጻፈበትን መስመር ብቻ ከሥዕሉ ለይታችሁ በ12 ቁራጭ ወረቀት ጻፉ። ረቂቁን ያላየ መምህር ጮክ ብሎ ያንብባቸው፤ ልጆቹ ሥዕሉን ሳያዩ እንስሳውን ይጥሩ። ልጆቹ ያልለዩት ካለ መጀመሪያ መምህሩ እንዴት እንዳነበበው ስሙ። አነባበቡ ከተበላሸ አጻጻፉን አስተካክሉ፤ አነባበቡ ልክ ሆኖ ካልለዩት ቃሉን ቀይሩ። በሁለት መምህራን ይደገም፤ አንድ ሰው ብቻ ካነበበው የፈተናችሁት የእሱን ችሎታ ይሆናል። እንስሳውን ራሱን በስልክ መቅረጽ ከፈለጋችሁ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ለዶሮ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ለአህያ ከሦስት ሜትር ሳትጠጉ፤ ከዚያ በላይ ከቀረባችሁ ድምፁ ይሰነጠቃል።

«እህህህ» እና «እህ እህ እህ» በጣም ይቀራረባሉ። ፈረሱና ጭላዳው በተራራቀ ገጽ ይሁኑ፤ በፈተናው ላይ የሚምታቱት እነሱ ይሆናሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

ቀሃ ማዶ፦

ለዚያ መፍትሔ አለ፤ ፈረሱ «እ» ይቅርና በ«ኢ» ይነሣ፣ «ኢሂሂሂ»። የፈረስ ድምፅ ከቀጭን ጀምሮ ስለሚወርድ ለጆሮም ይቀርባል። ሞገዱ ይቆይ። ከረቂቁ ሁለት እርማት ብቻ ይቀራል፦ ፈረስ «ያሽካካል» ይባል፤ የጅቡ ቀስት ደግሞ ተገልብጧል፣ ከታች ወደ ላይ ይውጣ።